ጣና ዳር በእጅ የተገመደ የደጋን አውታር፦ የት፣ በስንት፣ እንዴት ያለ?

ባሕር ዳር ውስጥ የደጋን አውታር በእጁ ገምዶ የሚሸጥ ሰው አለ ወይ ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፣ መልሱ አለ ነው። ሥራቸው ደግሞ አንጀት ያርሳል። ጉድለትም አለው፤ እሱንም ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ። ግን ከእንጨት ወይም ከቀርከሃ በተሠራ ደጋን የምትወረውሩ ከሆነ፣ ሌላ ቦታ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት እኚህን ሰው አግኟቸው።

እኔ የስፖርት መምህርት ነኝ። ከትምህርት ሰዓት ውጭ ሽምብጥ አካባቢ፣ ሐይቁ ዳር ባለ ሜዳ ላይ ከተማሪዎችና ከሰፈር ልጆች ጋር ቀስት እንወረውራለን። ኢላማችን ገለባ የተጠቀጠቀበት ጆንያ ነው፤ ከጀርባው ከፍ ያለ የአፈር ክምር አለ። ርቀታችን 20 ሜትር ነው። ኦሊምፒክ ላይ የሚወረወርበት 70 ሜትር ለእኛ ገና ነው። ደጋኖቻችንን የሚሠራልን የሰፈራችን አናጢ ነው፤ ከእንጅባራ በኩል በሚመጣ የደጋ ቀርከሃ። እጁ ይባረክና ደጋኑ አንድም ቀን አስቸግሮን አያውቅም። ራስ ምታታችን ሁልጊዜ አውታሩ ነበር።

ነገሩን ላልለመደ ሰው አውታር ማለት ተራ ገመድ ሊመስለው ይችላል። አይደለም። ደጋኑ ያጠራቀመውን ጉልበት ወደ ቀስቱ የሚያደርሰው እሱ ነው። አውታር ሲበጠስ ደግሞ ጉልበቱ መሄጃ ያጣና ወደ ደጋኑ ይመለሳል፤ ብዙ ጊዜ ደጋኑም አብሮ ይሰበራል። ያለ ቀስት ባዶውን ስቦ መልቀቅ የሚከለከለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ የሞከርነው ሁሉም ሰው የሚሞክረውን የናይለን ገመድ ነው። የትም ሱቅ አለ፣ ርካሽ ነው፣ ቶሎ አይበጠስም። ግን ናይለን ይለጠጣል። ስባችሁ ስትለቁ፣ ቀስቱን መግፋት የነበረበት ጉልበት ገመዱን በመለጠጥ ያልቃል። ቀስቱ ይሄድ ይሄድና ኢላማው ሥር ዱብ ይላል። ተወጥሮ ትንሽ ከቆየ ደግሞ አውታሩ ይረግባል፤ ጠዋት ያስተካከላችሁት ከሰዓት በኋላ ሌላ ነው። ልጅ ለማስተማር ይኼ አይሆንም። ልጁ የእጁ ጥፋት ይሁን የገመዱ መለየት አይችልም።

ቃጫም ሞከርን። ቃጫ እንደ ናይለን አይለጠጥም፤ ይኼ ጥሩ ጎኑ ነው። ግን ክሩ ሻካራና ደረቅ ነው። የደጋኑ ጫፍ ላይ በሚታጠፍበት ቦታ እየተሰበረ ይሳሳል። የልጆቹንም ጣት ላጠው።

ከአዲስ አበባ በስልክ ያዘዝነው የውጭ አውታርም ነበር። የሻጩን ስም አልጠራም። የደጋናችንን ርዝመት በጽሑፍ ልከን፣ የመጣው ግን አንድ ስንዝር የሚረዝም ነው። መልሱልን ብንል የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ተባልን። ደግሞ ርዝመቱ ልክ ቢሆን እንኳ ለእኛ አይሆንም ነበር። የተሠራበት ክር ዳይኒማ የሚሉት ነው። ዳይኒማ እጅግ ጠንካራ ነው፤ አይለጠጥም ማለት ይቻላል። ለዘመናዊ ደጋን ግሩም ነው። ለቀርከሃና ለእንጨት ግን ችግር የሚፈጥረው ይኸው አለመለጠጡ ነው። ቀስቱ ሲለቀቅ ያለውን ምት አውታሩ ራሱ ምንም ሳይቀበል፣ እንዳለ ለደጋኑ ጫፎች ያስረክባቸዋል። ለዚያ ተብሎ ጫፉ ያልተጠናከረ ደጋን ይሰነጠቃል። የእንጨት ደጋን የሚፈልገው መሀል ላይ ያለ አውታር ነው፤ ብዙ የማይለጠጥ፣ ትንሽ ግን እሺ የሚል።

ወደ ሰውዬው ልምጣ። የሚሠሩት ትልቁ ገበያ ውስጥ፣ ገመድና ጆንያ ከሚሸጥበት ተራ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። ታፔላ የላቸውም። በሩ ላይ የተሰቀለ የበገና አውታር ጥቅል ካያችሁ እሱ ነው ምልክቱ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ አልጽፍም። እኔ አባባ ነው የምላቸው።

አባባ የሚታወቁት በበገና አውታር ነው። በገና 10 አውታር አለው፤ ከበግ አንጀት የሚሠራ። አንጀቱ ታጥቦ፣ ተፍቆ፣ ተገምዶ፣ ተወጥሮ ይደርቃል። ሁለተኛው ሥራቸው ጥጥ የሚነደፍበት ደጋን አውታር ነው። ይኼኛው አሁን ቀዝቅዟል ይላሉ፤ ቤቷ ጥጥ ነድፋ የምትፈትል እናት እያነሰች ነው። የቀስት ደጋን ታዲያ ለእሳቸው እንግዳ አይደለም። ተወጥሮ ሲመታ ሳይላላ መመለስ ያለበትን አውታር ሲገምዱ ነው የኖሩት።

መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት የናይለኑን አውታር አሳየኋቸው። በጣታቸው መታ አድርገው አዳመጡት።

«ይኼ የልብስ ማስጫ ነው የኔ ልጅ» አሉኝ። «ደጋኑስ የታለ?»

«ቤት ነው አባባ። ርዝመቱን ግን ለክቼ መጥቻለሁ።»

«ርዝመት ብቻ ምን ያደርግልኛል? ደጋኑን ሳላየው አልገምድም።»

አልተከራከርኩም። በማግስቱ ተሸክሜው ሄድኩ። አሁን ሳስበው፣ አገልግሎታቸውን ከሌላው ሁሉ የለየው እዚህ ላይ ነው። የውጭውን የላከልን ሻጭ ደጋናችንን አላየውም፤ ሊያየውም አልፈለገም። አባባ ደጋኑን ከእጄ ተቀብለው ሁለቱን ጫፎች በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። አውታሩ የሚያርፍበት ቆረጣ ጠርዙ ስለት እንደሆነ አሳዩኝ። «ይኼ አውታር ይበላል። አናጢሽ በሸካራ ወረቀት ያለስልሰው» አሉ። ሥራውን ገና ሳይጀምሩ አንድ ችግር ነቀሉልኝ።

ከዚያ ለኩት። የእሳቸው መለኪያ ክንድና ስንዝር ነው። ደጋኔ 165 ሴንቲ ሜትር ነው። አውታሩ ከደጋኑ አራት ጣት ያህል ማጠር አለበት፤ ደጋኑ እንዲጎብጥ የሚያደርገው ይኼ ልዩነት ነው። ሦስት ክንድ ተኩል ብለው ወሰኑ። ቤት ገብቼ በሜትር ስለካው 157 ሴንቲ ሜትር ሆነ። እኔ ባሰላ የማወጣው ቁጥር ነው።

ቀጥሎ የደጋኑን ጉልበት ጠየቁኝ። ይኼን እንኳ አውቀዋለሁ። ዓሣ ሻጮች የሚመዝኑበትን የሚንጠለጠል ሚዛን ተውሰን፣ በድሮው አውታር ወጥረን፣ ቀስቱ እስከሚሳብበት ድረስ ስበን አይተነዋል፤ 14 ኪሎ ነው። አውታር ደግሞ ቢያንስ የደጋኑን ጉልበት አራት እጥፍ መቻል አለበት የሚል የቆየ ልማድ አለ። ለምን አራት እጥፍ? ምክንያቱም አውታሩ የሚጨነቀው ስትስቡት አይደለም። የሚጨነቀው ከለቀቃችሁት በኋላ፣ ሁለቱ የደጋኑ ክንፎች ወደ ፊት ተወርውረው አውታሩ በድንገት ቀጥ ሲል ነው። ያቺ ቅጽበት ናት አውታር የምትበጥሰው።

አባባ ይህን በቁጥር አያስረዱም፤ በተግባር ግን ከማንም በላይ ያውቁታል። ክሩን እንዴት እንደሚፈትሹ ብነግራችሁ ደስ ይለኛል። ለእኔ የመረጡልኝ ጆንያ የሚሰፋበትን ወፍራም የፖሊስተር ክር ነው። (የውጭዎቹ ዳክሮን ብለው በውድ የሚሸጡት የአውታር ክርም ፖሊስተር ነው፤ ከናይለን ያነሰ ይለጠጣል፣ ከዳይኒማ ግን ይበልጥ እሺ ይላል።) ጣሪያው ሥር ካለው አግዳሚ እንጨት ላይ አንድ ክር ያወርዳሉ። አይቋጥሩትም። ቋጠሮ ክርን ያደክመዋል፣ የክሩንም እውነተኛ አቅም አያሳይም ይላሉ። እንጨቱ ላይ ደጋግመው ይጠመጥሙታል፤ ከታች ደግሞ የጄሪካኑ እጀታ ላይ እንዲሁ። ከዚያ በአንድ ሊትር ሃይላንድ ውኃ እየቀዱ ጄሪካኑ ውስጥ ይጨምራሉ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ክሩ እየቀጠነ ሲሄድ በዓይን ይታያል። አምስተኛው ገባ፤ ክሩ ቻለ። ስድስተኛው ሳያልቅ ጧ ብሎ ተበጠሰ፤ ጄሪካኑም ከሥሩ ባለው የገለባ ጆንያ ላይ ወደቀ።

«አምስት ነው የምንለው» አሉ። «ስድስተኛውን አልጨረሰም።»

አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው። ክሩ አምስት ኪሎ ይችላል ማለት ነው። የደጋኔ አራት እጥፍ 56 ኪሎ ነው። ስለዚህ 12 ክር ይበቃል። እሳቸው ግን 16 አደረጉት። ክር ሲገመድ ከአቅሙ ትንሽ ይቀንሳል፣ ማጠፊያው ላይም እንዲሁ፤ የልጆች ነገርም አለ። ዕቃውን የሚሸጥላችሁ ሰው ከሚበቃው በላይ ጨምሮ በዚያው ዋጋ ሲሸጥላችሁ ስንት ጊዜ አይታችኋል?

ግመዳውን ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየሁት። እሳቸውም ሲታዩ አይከፋቸውም። 16ቱን ክር ለሁለት ዘለላ ከፈሏቸው፤ ስምንት ስምንት። እያንዳንዱ ክር ከሚፈለገው አውታር አንድ ክንድ ያህል ይረዝማል። ማጥለቂያውና (ደጋኑ ጫፍ ላይ የሚጠልቀው ቀለበት) ግመዳው ስለሚበሉት ነው። ጫፎቹን እኩል አይቆርጧቸውም፤ አንዱን ከሌላው በጣት ስፋት እያሳጠሩ ያስኬዷቸዋል። ለምን ብላቸው፣ ተሠርቶ ያለቀ አንድ አውታር አውጥተው አስዳሰሱኝ። ከማጥለቂያው ወደ መሀል ሲኬድ ውፍረቱ ቀስ እያለ ነው የሚቀንሰው። ጫፎቹ እኩል ቢቆረጡ ኖሮ ወፍራሙ በአንድ ቦታ ያበቃና ቀጭኑ ከዚያ ይጀምራል፤ አውታር የሚበጠሰው እንዲህ ያለች ድንበር ላይ ነው።

ሁለቱንም ዘለላ ሰም ቀቧቸው። ሰሙ የንብ ሰም ነው፤ ከገበያ፣ ጧፍ ሠሪዎች ከሚገዙበት ቦታ የሚመጣ። ክሮቹ ተጣብቀው አንድ ሆኑ። ከዚያ ከጫፉ አንድ ስንዝር ገባ ብለው ሁለቱን ዘለላዎች በግራ እጃቸው ቆንጥጠው ያዙ። በቀኝ እጃቸው የላይኛውን ዘለላ ከራሳቸው ወደ ውጭ አከረሩት። ካከረሩት በኋላ በሌላኛው ላይ አሳልፈው ወደ ራሳቸው አወረዱት። አሁን ላይ የነበረው ታች፣ ታች የነበረው ላይ ሆነ። እንደገና የላይኛውን ወደ ውጭ ማክረር፣ ወደ ራስ ማውረድ። ለሚያየው ሹሩባ ይመስላል፤ ግን ሹሩባ ላይ ጸጉሩ አይከርም። እዚህ ያለ ማክረር ምንም የለም። የከረረው ዘለላ ወደ ኋላ ሊፈታ ይታገላል፤ ሁለቱ የተጠመዘዙበት አቅጣጫ ደግሞ የዚያ ተቃራኒ ነው። ስለዚህ አንዱ ሊፈታ ሲል ሌላውን ያጠብቃል። ሁለቱንም ወደ አንድ አቅጣጫ ብታደርጓቸው፣ እጃችሁን ገና ስታነሱ ተተርትሮ ያልቃል።

አራት ጣት ያህል ከገመዱ በኋላ አጠፉት። ይኼ ማጥለቂያው ሆነ። የተረፉትን ጭራዎች ከየዘለላቸው ጋር ቀላቅለው መግመዳቸውን ቀጠሉ፤ ጭራው እስኪያልቅ ድረስ። ቋጠሮ የሚባል ነገር የለበትም። የላይኛውን ማጥለቂያ ሰፋ፣ የታችኛውን ጠበብ ያደርጉታል። የላይኛው ደጋኑ ሳይወጠር ሲቀር በክንፉ ላይ ወደ ታች መንሸራተት ስላለበት ነው። ጫፎቹ አካባቢ ጥብቅ፣ መሀሉ ላይ ላላ ያለ ግመዳ ነው። መሀሉም አለመጠን ከከረረ አውታሩ እንደ ሞላ ይሆናል፤ እንደገና የናይለኑ ችግር ይመጣል።

መጨረሻ ላይ ቁራጭ ቆዳ አንስተው አውታሩን ከላይ እስከ ታች በፍጥነት አሹት። ቆዳው ይሞቃል፣ ሰሙ ይቀልጣል፣ ወደ ውስጥ ይገባል። ክፍሉን የሰም ሽታ ሞላው። ከዚያ ግድግዳው ላይ ባሉ ሁለት ካስማዎች ወጥረው፣ በጣታቸው መታ አድርገው ጆሯቸውን አስጠጉ። አልወደዱትም። አወረዱት፣ ጥቂት ዙር ጨመሩበት፣ መለሱት። ሲመቱት አሁን ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። የበገና ሰው ስለሆኑ ልማዳቸው ነው ብዬ ነበር። ግን ሥራ አለው። ከዘለላው ውስጥ አንድ ክር ላላ ብሎ ከሆነ ድምፁ ይደበዝዛል፤ ሸክሙ ለሁሉም እኩል አልተከፋፈለም ማለት ነው።

ሜዳ ላይስ? ልዩነቱን ለማየት መለኪያ አያስፈልግም። ከናይለኑ ጋር ስንወረውር ከኢላማው በላይ እናነጣጥር ነበር፤ ቀስቱ ስለሚወርድ። አሁን ወደ ኢላማው ራሱ ነው የምናነጣጥረው። ድምፁም ተለወጠ። የናይለኑ ከለቀቃችሁት በኋላ ይንዘፈዘፋል፤ ይኼኛው አንዴ ጡ ይልና ዝም ነው። ቀስቱ የሚቀመጥበትን መሀሉን አንድ ስንዝር ያህል በቀጭን ክር ጠምጥመውታል። ውፍረቱን የለኩት ባመጣሁት ቀስት ነው። ቀስቱ አውታሩ ላይ ይንጠለጠላል፤ አውታሩን በጣት ነካ ስታደርጉት ይወድቃል። ልክ እንዲህ መሆን አለበት። ጠብቆ ከያዘ ቀስቱ ሲለቀቅ ያዛባዋል፤ ከላላ ደግሞ ስትስቡ ያመልጥና ባዶውን ትለቃላችሁ።

አዲስ አውታር መጀመሪያ አካባቢ መርዘሙ አይቀርም። ይኼ ጉድለት አይደለም፤ ግመዳው እየተቀመጠ ነው። ደጋኑ ተወጥሮ ሳለ ጭብጣችሁን መያዣው ላይ አድርጉና አውራ ጣታችሁን ቀና አድርጉ። አውታሩ አውራ ጣታችሁን ጫፉ ላይ ከነካ ልክ ነው፤ 16 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ማለት ነው። ከዚያ ከቀረበ አንዱን ማጥለቂያ አውጥታችሁ፣ በተገመደበት አቅጣጫ ጥቂት ዙር ጨምራችሁ መልሱት። እያንዳንዱ ዙር ያሳጥረዋል። ይኼን ሳታደርጉ ከቀራችሁ፣ አውታሩ ክንዳችሁን ሲገርፋችሁ ታስታውሱታላችሁ። እንዳልኳችሁ የናይለኑ መርዘም አያልቅም ነበር፤ የአባባ አውታር ግን ተቀምጦ ካበቃ በኋላ ባለበት ይጸናል።

የአንጀት አውታርም ይሠራሉ፤ ለራሴ አንድ አሠርቻለሁ። ስለ ውበቱ መናገር ከጀመርኩ አላቆምም። ማር የሚመስል ቀለም አለው፣ ብርሃን ያሳልፋል፣ ሲሳብ ጣት ላይ ልስልስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 አልፕስ ተራሮች ላይ በረዶ ውስጥ የተገኘውን፣ ከ5,000 ዓመት በፊት የሞተውን ሰው ነገር አጫወትኳቸው። ከቀስቶቹ ጋር በኮሮጆው ውስጥ ከእንስሳ ጅማት የተሠራ አውታር ይዞ ነበር።

«ነጠላ ነው ወይስ የተገመደ?» አሉኝ ሥራቸውን ሳያቋርጡ።

«የተገመደ ነው አባባ።»

«ታዲያስ!» አሉ። በጣም ደስ አላቸው።

ግን ምክሬን ከጠየቃችሁኝ፣ ጣና ዳር ለሚወረውር ሰው የአንጀት አውታር የበጋ ዕቃ ነው። አንጀትም ሆነ ጅማት እርጥበት አይወድም። ክረምት ሲገባ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ አየሩ ብቻውን ያላላዋል። ዝናብ ካገኘውማ አበቃ። እ.ኤ.አ. በ1346 ክሬሲ በተባለው ጦርነት የጄኖዋ ወታደሮች አውታር በዝናብ ረጥቦ ከጥቅም ውጭ ሆነባቸው፣ እንግሊዞቹ ግን የራሳቸውን ፈትተው ቆብ ሥር ደብቀው አዳኑት የሚል የቆየ ታሪክ አለ። እኔ የአንጀቱን ከግንቦት በኋላ ፈትቼ፣ ሰም ቀብቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጠዋለሁ። የፖሊስተሩ ዝናብ አይፈራም። ልጆች የሚወረውሩበት ደጋን ላይ ሌላ አውታር ባታስቡ ይሻላል።

አሁን ቅሬታዬ። የመሀሉን ጥምጥም የሚሠሩት በጥጥ ክር ነው። ጥጡ የልጆቹን ጣት አይችልም፤ ቶሎ ይነጫል፣ ከዚያ ይፈታል። በፖሊስተር ይጠምጥሙልኝ ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ። ጥጥ ጣት ያርፍበታል ብለው አሻፈረኝ አሉ። እውነት ነው፣ ጣት ያርፍበታል። ግን በየጊዜው እየፈታሁ እንደገና የምጠመጥመው እኔ ነኝ። እናንተም ቀጭን ፖሊስተር ክር ገዝታችሁ ቤት አስቀምጡ።

ሁለተኛው ቅሬታዬ የቀጠሮ ነው። አባባ ስልክ አይዙም። አድርሱልኝ፣ ላኩልኝ የሚባል ነገር የለም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከዐቢይ ጾም በፊትና በጾሙ ውስጥ ነው። በገና የሚደረደርበት ዋናው ጊዜ ስለሆነ የአውታር ትእዛዝ ይጎርፍባቸዋል። የቀስት አውታር ያኔ ጥግ ይይዛል። ዓምና የተማሪዎቼ ውድድር በዚያው ሰሞን ስለነበር በድሮው አውታር ነው የተወዳደሩት። ቢቆጨኝም አልፈርድባቸውም፤ የኖሩበት ሥራ በገናው ነው። ግን ተተኪ አለማዘጋጀታቸው ያሳስበኛል። አጠገባቸው የሚሠራ አንድ ወጣት አላየሁም። መማር የሚፈልግ ቢመጣስ ብላቸው፣ «ይምጣ፣ ወንበር አለ» አሉኝ። በእርግጥም ከእሳቸው ወንበር ጎን አንድ ባዶ በርጩማ አለ። ከተማሪዎቼ ሁለቱ ሴቶች ክረምት ላይ ሊሄዱ ተነጋግረናል።

ዋጋው? ለፖሊስተሩ 500 ብር ከፍያለሁ፤ ለአንጀቱ 1,200። ከአዲስ አበባ የመጣው ያልሆነን አውታር ከሁለቱም ይወደድ ነበር። ተከራከሩ ብዬ አልመክራችሁም። አንድ አውታር ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው የሚቀመጡት፤ ያውም ክር ፍተሻው ሳይጨመር። ከተሸጠ በኋላ አልያዝ ካለ ደግሞ መልሳችሁ ብትወስዱት ያለ ክፍያ ያስተካክሉታል። አንድ ጊዜ ከማጥለቂያው በታች አንድ ክር ተቆርጦ ወስጄላቸው ነበር። አገላብጠው አዩት፣ መጀመሪያ ያሉት «ባዶውን ለቃችሁታል?» ነው። ልጆቹን ጠይቄ መጥቻለሁ፣ አልለቀቁም አልኳቸው። ከዚያ ጣታቸውን በደጋኑ ቆረጣ ላይ አሳልፈው ስለቱን አገኙት፤ ያኔ ለስልሶ የነበረው ጠርዝ እንደገና ተልጦ ነበር። አንድ ክር የተቆረጠበት አውታር አይጠገንም፤ ይጣላል። በግማሽ ዋጋ አዲስ ገመዱልኝ።

ለመሄድ ላሰባችሁ፦ ደጋናችሁን፣ አንድ ቀስታችሁንና የድሮውን አውታር ሦስቱንም ይዛችሁ ሂዱ። የደጋኑን ጉልበት አስቀድማችሁ በሚዛን እዩት፤ እዚያ ሚዛን የለም። ቅዳሜ ገበያው ስለሚጨናነቅ ረጅም ዕቃ ይዞ መግባት መከራ ነው፤ በአዘቦት ቀን ጠዋት ይሻላል። ባጃጅ ውስጥ ደጋኑን ተወጥሮ እንዳለ አታስገቡት። ፈታችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ በጎን በኩል አጋድማችሁ ያዙት። ዘንድሮ ጥምቀት ሳይደርስ ካላዘዛችሁ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ብትሄዱ ነው የሚሻላችሁ።